ታንዛናይትን እንደ ወርቅ አትግዙት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ታንዛናይት የተባለውን ሰማያዊና ሐምራዊ የከበረ ድንጋይ ስለመግዛት የሚመክር አንድ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሰው እየተቀባበለው ነው። ለእኔም ሦስት ሰዎች ለየብቻ ልከውልኛል። ሁለቱ ዱባይ የሚሠሩ ናቸው። ሦስተኛዋ ቀለበት ልታስር የተቃረበች የአክስቴ ልጅ ናት። ሦስቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «እውነቱን ነው እንዴ?»

የታንዛኒያዋ ከተማ አሩሻ ጥቂት ዓመታት ኖሬያለሁ። ከሥራ ስወጣ ድንጋይ ቆራጮች ጋ ቁጭ ማለት ልማዴ ነበር። ነጋዴ አይደለሁም፤ የምሸጠውም የለኝም። ግን ጽሑፉን አንብቤ ዝም ማለት ከበደኝ። በእሱ ምክር ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ያን ገንዘብ ያገኘው በልፋት ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ታንዛናይት ከዓለም አንድ ቦታ ብቻ ይወጣል፤ ከአልማዝ 1000 ጊዜ ይበልጥ ብርቅ ነው፤ በቅርቡም ስለሚያልቅ ዛሬ የገዛ ነገ ያተርፋል። ካራቱ በጨመረ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል። «ትሪፕል ኤ» የሚል ወረቀት ካለው ሌላ መጠየቅ አያስፈልግም። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ድንጋይ ደረጃው የወረደ ነው። እሳት የነካው ደግሞ እንደ ሐሰተኛ ይቆጠራል። ትክክለኛነቱን ለማረጋገጥ መስታወት ጫሩበት። ከተቻለ አሩሻ ሄዳችሁ ከመንገድ ደላላ ግዙ። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ቀለበት በየቀኑ አድርጉት፤ ሲቆሽሽ በሙቅ ውሃ እጠቡት።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፈው አልጠራጠርም። ልክ ያለውንም ልክ ነው እላለሁ።

ከብርቅነቱ ልጀምር። ግማሹ እውነት ነው። ለገበያ የሚበቃ ታንዛናይት የሚገኘው ሰሜን ታንዛኒያ፣ ከኪሊማንጃሮ ብዙም በማይርቁት የመሬራኒ ኮረብቶች ብቻ ነው። ቦታው ርዝመቱ 7፣ ስፋቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንጋዩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ በዓመቱ ቲፋኒ የተባለው የኒውዮርክ ጌጣጌጥ ቤት በአገሩ ስም ሰይሞ ለዓለም አስተዋወቀው። በ2018 ደግሞ የታንዛኒያ መንግሥት ኮንትሮባንድ ለመከላከል ሲል አካባቢውን ከ24 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የግንብ አጥር አስከበበው። አጥሩን የሠራው ወታደሩ ነው። ለተራ ድንጋይ እንዲህ አይደረግም።

«1000 ጊዜ» የሚለው ቁጥር ግን ከማስታወቂያ የመጣ ነው። የሚወጣበት ቦታ መጥበቡ አንድ ነገር ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ብዛት ሌላ ነገር ነው። አሩሻ ውስጥ ቱሪስት የሚያዘወትራቸው ሱቆች ስትገቡ ታንዛናይት በትሪ በትሪ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። «ሊያልቅ ነው» የሚለውም ቢሆን ከ20 ዓመት በላይ ሲባል የኖረ ነው። አንድ ቀን ያልቅ ይሆናል፤ ጉድጓዶቹም በየጊዜው እየጠለቁ ነው። ግን ለገዢ ዋናው ጥያቄ «መቼ ያልቃል?» አይደለም። ዋናው ጥያቄ «ልሸጠው ብል ማን ይገዛኛል?» የሚለው ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ፒያሳ ነው። የማውቃት አንዲት ልጅ ዱባይ ለዓመታት ሠርታ ስትመለስ ባለ ታንዛናይት የወርቅ ቀለበት ይዛ መጣች። ስትገዛው «ዋጋው በየዓመቱ ይጨምራል» ብለዋት ነበር። ገንዘብ ሲቸግራት አብሬያት ወርቅ ቤት ሄድኩ። ሰውየው ቀለበቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ በቀጭን መቆንጠጫ ፈርጡን የያዙትን ጥፍሮች አንድ በአንድ ከፈታቸው። ድንጋዩን አውጥቶ ወረቀት ላይ አስቀመጠ። ወርቁን ብቻ ሚዛን ላይ ጣለና በቀኑ የግራም ዋጋ አሰላ። «ድንጋዩስ?» አለችው። «ያንቺው ነው እህቴ፣ ያዢው። እኔ የምገዛው ወርቅ ነው» አላት። በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እስከ ታክሲ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ወርቅ ሰሪው አላጠፋም። እኛ አገር ጌጥ ሲባል ወርቅ ነው፤ ወርቅ ደግሞ የክፉ ቀን ጥሪት ነው። ግራሙ ይታወቃል፣ የቀኑ ዋጋ ይታወቃል፣ የትም ቦታ ይመነዘራል። ታንዛናይት የቀን ዋጋ የለውም። ሁለት ባለ 2 ካራት ድንጋዮች ዋጋቸው እጅግ ሊራራቅ ይችላል። ሱቅ ስትገዙት የቤቱን ኪራይ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ፣ ቀረጡን፣ የነጋዴውን ትርፍ ጨምራችሁ ነው የምትከፍሉት። ስትሸጡት ይህ ሁሉ ይቀነሳል። ዋጋውም ቢሆን ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ የታንዛናይት ንግድ ከአልቃይዳ ጋር ይገናኛል የሚል ዘገባ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ፣ ትልልቅ ሻጮች መሸጥ አቆሙ፤ ዋጋውም ወረደ። ወራት ቆይቶ የአሜሪካ መንግሥት ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነበር። የተለወጠው ስለ ድንጋዩ የሚወራው ነው።

የእኛም ኦፓል ይህ ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከመንዝ የወጣው ብዙው ይሰነጠቅ ስለነበር የኢትዮጵያ ኦፓል ስሙ ከፋ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወሎው፣ የደላንታው፣ ሲገኝ ያንን ክፉ ስም ተሸክሞ ነው ገበያ የገባው። ወሬ ዋጋን ያወጣል፤ ወሬ ዋጋን ያወርዳል። ስለዚህ ታንዛናይት የምትገዙት ስለወደዳችሁት ይሁን። ለጥሪት ከሆነ ወርቁን ግዙ።

ካራትን በተመለከተ ስህተቱ የመጣው ከቃሉ ይመስለኛል። በአማርኛ ለወርቁም ለድንጋዩም «ካራት» እንላለን። የወርቅ ካራት ንጽሕና ነው፤ 21 ካራት ከ18 ካራት ይበልጥ ንጹሕ ነው። የድንጋይ ካራት ግን ክብደት ብቻ ነው። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው፣ አለቀ። 10 ካራት የሆነ የደበዘዘ፣ የተሰነጠቀ ታንዛናይት አለ፤ 3 ካራት የሆነ ዓይን የሚይዝም አለ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሳኒኒዩ ላይዘር የተባለው የታንዛኒያ ማዕድን ቆፋሪ ሁለት ግዙፍ የታንዛናይት ድንጋዮች አግኝቶ ለመንግሥት ሸጠ። ዜናው ዓለምን አዳርሷል። ሁለቱ አንድ ላይ ከ14 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። የተከፈለው 7.7 ቢሊዮን የታንዛኒያ ሺሊንግ ነው፤ ያኔ ወደ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። አሁን እናስላው። 14 ኪሎ ማለት 70,000 ካራት ነው። ለአንድ ካራት የደረሰው ከ50 ዶላር በታች ነው ማለት ነው። በታሪክ ከተገኙት ሁሉ ትልልቆቹ ናቸው የተባሉት ድንጋዮች ናቸው እንግዲህ። ሱቅ ውስጥ ያለች ትንሽ ግን በደንብ የተቆረጠች ድንጋይ በካራት ከዚህ ብዙ እጥፍ ትሸጣለች። ጥሬ ድንጋይ ውስጥ ለጌጥ የማይሆን ክፍል አለ፤ ሲቆረጥም ብዙው በዱቄት ይሄዳል። ስለዚህ ክብደት ብቻውን ዋጋ አይተምንም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ የሆነበት ነገር አለ። በታንዛናይት ትልቅነትና የቀለም ጥልቀት ይገናኛሉ። ትናንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ፈዘዝ ይላሉ። ያ የሚወራለት ጥልቅ ሰማያዊ በደንብ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ5 ካራት በላይ በሆኑት ላይ ነው። በአንጻሩ ለጉትቻ የሚሆን ትንሽ ድንጋይ በጣም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ካያችሁት ተጠራጠሩ። ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ። ሌላም ልጨምር። «2 ካራት» የተባለ ቀለበት አንድ ድንጋይ ነው ወይስ የ20 ትናንሽ ድንጋዮች ድምር? ይህን ሳትጠይቁ ገንዘብ አታውጡ። ዋጋቸው አይገናኝም።

«ትሪፕል ኤ» የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። ሁሉም የሚስማማበት ዓለም አቀፍ የኤ ደረጃ የለም። ሻጩ ራሱ የሚሰጠው ስም ነው። የአንዱ ሱቅ «ትሪፕል ኤ» የሌላው «ደብል ኤ» ሊሆን ይችላል። የታወቀው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም፣ ጂአይኤ፣ እንኳን ለባለ ቀለም ድንጋይ የኤ ፊደላት አይሰጥም። የእሱ ወረቀት የሚነግራችሁ ድንጋዩ ምን እንደሆነ፣ ክብደቱን፣ ልኩን፣ ቀለሙንና የተደረገለትን ነገር ነው። ጸሐፊው ወረቀት ጠይቁ ማለቱ ጥሩ ነው። ግን ወረቀቱን ማን ጻፈው? ሻጩ ከሆነ የሻጩ ቃል ነው፤ ምስክርነት አይደለም።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ መጣሁ፤ ቀለም።

አሩሻ አንድ ቆራጭ ነበር፤ ወንበሩ መስኮት ሥር ነው። አንድ ቀን ጣት የምታክል፣ እሳት ያልነካት ጥሬ ድንጋይ ሰጠኝና «አዙራት» አለኝ። ወደ ብርሃኑ ያዝኳት። ሰማያዊ ናት። ሩብ ዙር አዞርኳት፤ ሐምራዊ ሆነች። በሦስተኛው ጎን ሳያት ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀይ ሆነች። አንዲት ድንጋይ ናት። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየኋት። ሳቀብኝ፤ መጀመሪያ ያየ ሁሉ እንደዚያ እንደሚያደርግ ነገረኝ።

የታንዛናይት ምሥጢር ይህ ነው። ከየትኛው ጎን እንደሚያዩት ቀለሙ ይለያያል። እንግዲህ ቆራጩ ይወስናል። ፊቱ ሰማያዊ እንዲሆን አድርጎ ሊቆርጠው ይችላል፤ እንደ ጥሬው ቅርጽ ግን ያን ጊዜ ብዙ ይባክንበታል። ፊቱ ሐምራዊ እንዲሆን ካደረገው ክብደት ይተርፈዋል። ሰማያዊው የሚወደደው በዚህም ነው። ስለዚህ ሰማያዊው ውድ ነው የሚለው ልክ ነው። ሐምራዊው ደረጃው የወረደ ነው የሚለው ግን ልክ አይደለም። ጥልቅና ብሩህ የሆነ ሐምራዊ፣ ፈዛዛ ከሆነ ሰማያዊ እጅግ ይበልጣል። ከሰማያዊና ከሐምራዊ ይበልጥ የቀለሙን ጥልቀትና ብሩህነት እዩ። ሐምራዊ ከወደዳችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ድንጋይ ታገኛላችሁ።

ጸሐፊው «በቀን ብርሃን እዩት» ማለቱ ከጽሑፉ ምርጥ ምክር ነው። እኔ አንድ ልጨምርበት። በማታ መብራትም እዩት። ታንዛናይት በፀሐይ ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ ቢጫነት ባለው አምፖል ሥር ወደ ሐምራዊ ያደላል። የሱቅ መብራት ተመርጦ የተሰቀለ ነው። ቀለበቱን ለእራት ግብዣ የምታደርጉት ከሆነ በዚያ ብርሃን የሚመስለውን ማወቅ አለባችሁ። በሩ ጋ ወስዳችሁ እዩት፤ ከዚያ በስልካችሁ መብራት ሳይሆን በተራ አምፖል እዩት። ከቀለበት ያልታሰረ ልቅ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ላይ አስቀምጡት። መሐሉ እንደ መስኮት ወለል ብሎ ፊደሉ የሚነበብ ከሆነ አቆራረጡ ደካማ ነው። ብርሃኑን ወደ ዓይናችሁ መመለስ ሲገባው ከሥሩ ያሳልፈዋል ማለት ነው። በዓይን የሚታይ ስንጥቅ ካለም ተዉት፤ ጥርት ያለ ታንዛናይት እንደልብ ይገኛል።

እሳትን በተመለከተ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል። ከመሬት የሚወጣው አብዛኛው ቡናማ ቀለም አለበት። ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ያ ቡናማነት ይጠፋና ሰማያዊውና ሐምራዊው ይቀራል። ገበያ ላይ ያለው ታንዛናይት ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ ያለፈ ነው። ቀለሙ አይለቅም። መሞቁን በቤተ ሙከራ ለይቶ ማወቅም ብዙውን ጊዜ አይቻልም። ታዲያ ሻጩ «ይኼ ያልሞቀ ነው፣ ጨምሩ» ሲላችሁ በምን ያረጋግጥላችኋል? የተፈጥሮ አረንጓዴውን ወይም ሮዙን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ያ ሌላ ገበያ ነው። ለሰማያዊው «ያልሞቀ» እያላችሁ ስትፈልጉ ላልተረጋገጠ ቃል ትከፍላላችሁ።

መፍራት ያለባችሁ ቅቡን ነው። ጽሑፉ ይህን ጨርሶ አላነሳውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በስስ የኮባልት ሽፋን የተቀቡ ታንዛናይቶች ገበያ ውስጥ ተገኝተዋል። ፈዛዛው ድንጋይ ይቀባና ጥልቅ ሰማያዊ ይመስላል። ቅቡ ይፋቃል። ቅድም ትንሽ ድንጋይ በጣም ሰማያዊ ከሆነ ተጠራጠሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ወርቅ ሰሪዎች ዓይናቸው ላይ በሚያደርጓት ማጉያ የገጾቹን ጠርዝ እዩ። ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ነጣ ያለ መስመር ከታየ አትንኩት።

የመስታወቱን ፈተና እባካችሁ አታድርጉት። የታንዛናይት ጥንካሬ በሞህስ መለኪያ ከ6 እስከ 7 ነው፤ የመስታወት 5.5 ገደማ። አዎ፣ ታንዛናይት መስታወት ይጭራል። ግን እሱን ለማስመሰል የሚያገለግሉት ድንጋዮችም ይጭራሉ፤ ዚርኮኒያም ይጭራል፣ ስፒኔልም ይጭራል፣ ሰው ሠራሽ ሰንፔርም ይጭራል። ፈተናው የሚያጋልጠው ተራ ብርጭቆን ብቻ ነው። በዚያ ላይ የድንጋያችሁን ጠርዝ ልትሰብሩት ትችላላችሁ።

ከዚህ ማዞሩ ይሻላል። ስታዞሩት ሰማያዊና ሐምራዊ የማይቀያየር ከሆነ ብርጭቆ ወይም ዚርኮኒያ ሊሆን ይችላል። ሲዞር በአንድ በኩል ውሃ መስሎ ወይም የገለባ ቀለም ይዞ ከነጣ አዮላይት የሚባል ሌላ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ፎርስቴራይት የሚባል ሰው ሠራሽ ድንጋይም አለ፤ እሱ ቀለም ይቀያይራል። በማጉያ ከላይ ወደ ውስጥ ስታዩት ግን የኋላ ጠርዞቹ ድርብ ድርብ ሆነው ይታያሉ። እነዚህ ለመጠርጠር ይረዳሉ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይሆኑም። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ከሆነ ለቤተ ሙከራ መክፈል ይሻላል።

ከምንጩ መግዛትን አልቃወምም። አሩሻ ምርጫው ሰፊ ነው፤ 50 ድንጋይ አንድ ላይ አይቶ ማወዳደር የትም አይገኝም። ዓይን የሚሠለጥነውም እንደዚያ ነው። ግን መንገድ ላይ የተጣጠፈ ወረቀት ከኪሱ የሚያወጣ ደላላ ሌላ ነው። ብርጭቆ ሲሸጥ አይቻለሁ። ድንጋዩ እውነተኛ ቢሆን እንኳን ደረሰኝ የለውም፤ አየር ማረፊያ ላይ «ከየት አመጣኸው?» ሲሉ መልስ የለም። ፈቃድ ካለው ሻጭ፣ በደረሰኝ ግዙ። ከተማዋ ውስጥ እንደዚያ የሚሸጡ ሞልተዋል።

የመጨረሻው፣ በየቀኑ አድርጉት፣ በሙቅ ውሃ እጠቡት የሚለው ነው። ይህ ምክር የስንቱን ድንጋይ ይሰብር ይሆን ብዬ ነው እጄ ለመጻፍ የተነሳው። ታንዛናይት በአንድ አቅጣጫ እንደ እንጨት የሚሰነጠቅበት መስመር አለው። አንድ ጊዜ ከሲሚንቶ ጠርዝ ጋር ከተጋጨ ሊከፈል ይችላል። ድንገተኛ ሙቀትና ቅዝቃዜም ይሰነጥቀዋል። አቧራ ውስጥ ደግሞ ከእሱ የማያንስ ወይም የሚበልጥ ጥንካሬ ያለው አሸዋ አለ፤ በደረቅ ጨርቅ ስትጠርጉት ትፍቁታላችሁ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፤ ይኸው ነው። ወርቅ ቤት ያለው በንዝረት የሚያጥብ ማሽን ውስጥ እንዳይገባ። የእንፋሎቱም እንዲሁ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ላክል። ቀለበት ሰፍቶ ወይም ጠቦ ወርቅ ሰሪ ጋ ስትወስዱት «ይህ ሰንፔር አይደለም፣ ታንዛናይት ነው» በሉት። በእሳት ከመበየዱ በፊት ድንጋዩን ያውጣው።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ነገርኳት። እሷ እጇ ሥራ አያጣውም፤ ሊጥ ታቦካለች፣ ልብስ ታጥባለች። ለጣቷ ያለ ፈርጥ ሜዳ ወርቅ መረጠች። ታንዛናይቱን በጉትቻ ፈለገችው፤ ሐምራዊውን፣ ጆሮ ላይ ምንም የማይነካውን። ቅዳሜ አንድ ሱቅ አብሬያት እገባለሁ። ማጉያዬን ይዣለሁ።